ሪብል፦ የላንክሻየሩ ቀይ አውቶቡስ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነው የማወራችሁ፣ ስለ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት። ስሙ ሪብል ይባላል። አሁን የለም። ግን እኔ በምኖርበት በላንክሻየር፣ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎች ዘንድ ስሙን ስታነሱ ወሬው አያልቅም። የማነሳቸው ዓመተ ምህረቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ይሄን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት አንድ ጥያቄ ስለከነከነኝ ነው። አውቶቡሱ የት እንደሚሄድና ማታ ስንት ሰዓት እንደሚያቆም የሚወስነው ማን ነው? እዚህ አገር መኪና የሌለው ሰው ኑሮው በዚህ ውሳኔ ላይ ነው የተንጠለጠለው። የሥራ ፈረቃው፣ የሆስፒታል ቀጠሮው፣ የቤተ ክርስቲያን ጉዞው፣ ሁሉም።

እንግዲህ 1919 ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካለቀ ገና ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ከፕሬስተን ከተማ አለፍ ብላ ግሬግሰን ሌን የምትባል መንደር አለች። ሪብል የተወለደው እዚያ ነው። ስሙን የወሰደው በፕሬስተን በኩል አልፎ ወደ ባሕር ከሚወርደው ወንዝ ነው። ብዙም ሳይቆይ ብሪቲሽ ኦቶሞቢል ትራክሽን የሚባል ትልቅ ኩባንያ ድርሻ ገዛበት። ገንዘብ ሲመጣ እድገቱም መጣ።

ያን ጊዜ የአውቶቡስ ሥራ የፈለገ ሁሉ የሚገባበት ነበር። አንድ ወይ ሁለት አውቶቡስ ያለው ሰው መንገድ ላይ ይወጣል፣ ተፎካካሪውን ቀድሞ ፌርማታው ላይ ደርሶ ተሳፋሪውን ይጠራርጋል። ሪብል እነዚህን ትንንሽ ባለአውቶቡሶች አንድ በአንድ እየገዛ ሰፋ። በሰሜን እስከ ስኮትላንድ ጠረፍ አጠገብ እስከ ካርላይል፣ በደቡብ እስከ ሊቨርፑልና ማንችስተር ድረስ ደረሰ። በመሃል እነ ብላክበርን፣ በርንሊ፣ ላንካስተር፣ ከዚያ የሐይቆቹ አገር ሌክ ዲስትሪክት አሉ።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። የላንክሻየር ከተሞች የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች ነበሩ። በዓመት አንድ ሳምንት ፋብሪካው በሙሉ ይዘጋል። ዌክስ ዊክ ይሉታል። ሳምንቱ በየከተማው ይለያያል፤ ዛሬ የአንዱ ከተማ ከሆነ በሌላ ጊዜ የሌላው ነው። ታዲያ የአንድ ከተማ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ፣ ከነጎረቤቱ ተነቅሎ ወደ ባሕር ዳርቻ ይሄዳል፣ በተለይ ወደ ብላክፑል። ጎዳናው ጭር ይላል። ይሄን ሕዝብ ባቡርና አውቶቡስ ተከፋፍለው ያጓጉዙታል። ሪብል በ1932 ስታንደርዊክ የሚባለውን የብላክፑል ድርጅት የገዛው ያለ ምክንያት አይደለም ማለት ነው። ገበያው እዚያ ነበር።

በ1930 ትልቅ ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ያለው ሁሉ ደስ ባለው መንገድ መሥራት ቀረ። ለእያንዳንዱ መስመር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ታሪፉም ይታያል። ፈቃድ ሰጪዎቹ ለየአካባቢው የተሾሙ ኮሚሽነሮች ናቸው። ፈቃዱን የያዘ ድርጅት ተፎካካሪ መጥቶ ዳቦውን አይነጥቀውም። ታዲያ በምላሹ ትርፍ የሌለውንም መስመር እንዲሠራ ይጠበቅበታል። አንድ ቤት ውስጥ ሥራ የያዘው ልጅ ታናናሾቹን እንደሚያስተምረው ነው። ከፕሬስተን ብላክበርን ሰው ጢም ብሎ የሚሄደው አውቶቡስ፣ ገጠር ውስጥ ሦስት አሮጊት ይዞ የሚሄደውን ይደጉማል። ለእኔ የሪብል ታሪክ እምብርት ይሄ ነው። ቀለሙ አይደለም፣ ሞተሩም አይደለም።

ሞተር ካልን ግን ሌይላንድን ሳላነሳ አላልፍም። ሌይላንድ ከፕሬስተን በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት፣ የአውቶቡስና የጭነት መኪና ፋብሪካዋ በዓለም የታወቀ ነበር። ሪብል ዋነኛ ደንበኛዋ ነበር። አስቡት፣ ሾፌሩ የሚነዳውን አውቶቡስ የሠራው ሰው ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ደግሞ ጠዋት ፋብሪካ የሚገባው በዚያው አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሆናል። ገንዘቡ እዚያው አካባቢ ይዞራል።

ከዚያ አውራ ጎዳናው መጣ። የእንግሊዝ የመጀመሪያው ሞተርዌይ የተከፈተው እዚሁ ፕሬስተን አጠገብ ነው፣ በታኅሣሥ 1958። በዓመቱ ደግሞ ወደ ለንደን የሚወስደው ኤም ዋን ተከፈተ። ሪብል ወዲያው ባለ ሁለት ፎቅ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ይዞ ብቅ አለ። ውስጡ መጸዳጃ ቤት አለው። አስተናጋጅ አለችው፤ ሻይና ቀላል ምግብ ታቀርባለች። ይሄ በ1959 ነው! የፋብሪካ ሠራተኛ እንደ አውሮፕላን መንገደኛ እየተስተናገደ ለንደን ይገባል። ድርጅቱ ተራውን ተሳፋሪ እንደ ክቡር ሰው አየው ማለት ነው፤ ይሄ ልቤን ይነካኛል።

ግን ያው አውራ ጎዳና የግል መኪናንም ጋበዘ። ሰው መኪና መግዛት ጀመረ፣ አውቶቡሱ እየሳሳ ሄደ። ከጥር 1969 ጀምሮ ሪብል ናሽናል ባስ ካምፓኒ በሚባለው የመንግሥት ድርጅት ሥር ገባ።

በዚያው ዓመት የፕሬስተን አውቶቡስ መነኸሪያ ተከፈተ። ፕሬስተን ከመጣችሁ እባካችሁ ሳታዩት አትሂዱ። በአንድ ጎን 40፣ በሌላው 40፣ በጠቅላላው 80 የመሳፈሪያ በር ነበረው። ከላዩ ላይ ፎቅ በፎቅ የተደረደረ የመኪና ማቆሚያ አለ። የየፎቁ ጠርዝ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም፤ ኮንክሪቱ ወደ ላይ ቀለስ ብሎ ይታጠፋል። ከሩቅ ስታዩት ሕንፃው በሙሉ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ውስጥ ስትገቡ ግድግዳው ነጭ ሸክላ ነው። በሮቹና መቀመጫዎቹ ጠንካራ እንጨት ናቸው። የእንጨቱን ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ለተራ መንገደኛ ተብሎ እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱ ይገርማል። የከተማው ምክር ቤት በ2012 ሊያፈርሰው ወስኖ ነበር። ሰዉ አምርሮ ተከራከረ፣ በ2013 በቅርስነት ተመዘገበ፣ ተረፈ። ዛሬ አውቶቡሶቹ የሚቆሙት በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ሌላኛው ጎን አደባባይ ሆኗል።

ወደ ሪብል ልመለስ። ጥቅምት 26 ቀን 1986 ከለንደን በስተቀር በመላ እንግሊዝ የአውቶቡስ ሥራ ለገበያ ተለቀቀ። የ1930ው ሥርዓት አበቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ድርጅት መስመር ለመክፈት ወይም ለመዝጋት የሚጠበቅበት ከ42 ቀን በፊት ማስታወቅ ነበር። ትርፍ ያለውን ይይዛል። ትርፍ የሌለውን ይተዋል። የተተወውን መስመር ማስቀጠል ከፈለገ የአካባቢው ምክር ቤት ከራሱ ካዝና ከፍሎ ያሠራል።

ሪብል ራሱ በዚያው ዓመት ተቆራረጠ። የሰሜኑ ክፍል ካምበርላንድ ለሚባል ሌላ የአውቶቡስ ድርጅት፣ የሊቨርፑል አካባቢው ኖርዝ ዌስተርን ለተባለ አዲስ ድርጅት ተሰጠ። የተረፈውን በ1988 የራሱ ሥራ አስኪያጆች ገዙት። በዓመቱ ለስቴጅኮች ሸጡት። ስቴጅኮች በ1980 ስኮትላንድ ውስጥ በወንድምና እህት የተመሠረተ፣ በኋላ ግዙፍ የሆነ ኩባንያ ነው። ቀዩ ቀለም በነጭና በባለ ቀለም መስመር ተተካ።

ሚዛናዊ ለመሆን እፈልጋለሁ። የድሮው ዘመን ገነት አልነበረም። በ70ዎቹ በመንግሥት እጅ እያለም መስመር ይቀነስ ነበር። ከ1986 በኋላ ደግሞ ሰው በሚበዛባቸው መንገዶች ላይ ትንንሽ አውቶቡሶች ቶሎ ቶሎ መመላለስ ጀምረዋል። ግን ሰው ከሚበዛበት መንገድ ራቅ ብሎ የሚኖረውስ? ድጎማው ከድርጅቱ ትከሻ ወርዶ ምክር ቤቱ ላይ ወደቀ። ምክር ቤቱ ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆረጠው ይሄው ነው። በ2016 ላንክሻየር ውስጥ በምክር ቤት ገንዘብ የሚሠሩ ብዙ መስመሮች ቀሩ።

ይሄ እኛንም ይነካል። ከ2000 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከለንደን ውጭ ወዳሉ ከተሞች ይበትናል። በሰሜን ከተሞች ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን የመጣነው በዚያ መንገድ ነው። ሥራችን የአረጋውያን መንከባከቢያ ወይም መጋዘን ነው፤ ፈረቃው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀምራል። እሁድ ደግሞ ማንችስተር ሄዶ ማስቀደስ አለ። እኔ በምኖርበት ሰፈር የእሁድ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲመጣ ቅዳሴው ተጋምሷል። ስለዚህ መኪና ያለውን ወንድም እንለምናለን፣ እሱም ሁሌ እሺ ይላል፣ እግዜር ይስጠው። ግን አንድ ከተማ የሚተዳደረው በልመና መሆን የለበትም።

አሁን ነገሩ መለወጥ ጀምሯል። ታላቋ ማንችስተር አውቶቡሶቿን መልሳ በሕዝብ ቁጥጥር ሥር አስገብታለች። በመስከረም 2023 በቦልተንና በዊጋን ጀመረች፣ በጥር 2025 ጨረሰች። ከለንደን ውጭ እንዲህ ያደረገች የመጀመሪያዋ ናት። ስቴጅኮች ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮ ተረትቷል። ቢጫ አውቶቡሶቹን አይታችኋል። የሚነዱት አሁንም የግል ድርጅቶች ናቸው፣ በውል። መስመሩን፣ ሰዓቱንና ታሪፉን የምትወስነው ግን ከተማዋ ናት። የተጨናነቀው መስመር ጭር ያለውን መልሶ መደጎም ይችላል።

እኔ ላንክሻየርም እንደዚያ እንዲሆን እፈልጋለሁ፣ በሙሉ ልቤ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የምትኖሩ አድማጮቼ፣ ምክር ቤቱ ስለ አውቶቡስ የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ቅጹን ሙሉ። እንግሊዝኛችሁ ካላማረችሁ ልጆቻችሁ ያግዟችሁ። ፈረቃችሁ ስንት ሰዓት እንደሚጀምርና እሁድ የት መድረስ እንደምትፈልጉ ጻፉ። የምክር ቤት አባላችሁ ዘንድም ሄዳችሁ በአካል ንገሩ። የፕሬስተንን መነኸሪያ ያተረፉት ዝም ያላሉ ሰዎች ናቸው።

በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።