«ከማን ጋር?»

የተከበራችሁ ታዳሚያን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከፍራንክፈርት ተነስቼ ሮም፣ ከሮም በባቡር አልፕስን አቋርጬ ጀርመን ገጠር እንደምዞር ለእናቴ በስልክ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከማን ጋር?» ብቻዬን ስላት ዝም አለች። ቆይታ «ምን ጎድሎብሽ ነው ብቻሽን የምትንከራተቺው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሮም የገባሁ ማታማ ጭራሽ እሷ ልክ ሆና ታየችኝ። አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጁ ስንት እንደሆንን በጣቱ ጠየቀኝ፤ አንድ ጣት አሳየሁት። ጠረጴዛው ለሁለት ሰው ተሰናድቶ ስለነበር ከፊት ለፊቴ ያለውን ሳህን አነሳ፣ ብርጭቆውን አነሳ፣ ሹካና ቢላዋውን በናፕኪን ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው። እኔ ግን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ፓስታው አልወርድ አለኝ።

ቡናውም አላጽናናኝም። ማኪያቶ ብዬ የቀረበልኝ ወተት ጠብ የተደረገባት፣ ከሲኒ ሥር የቀረች ቡና ናት፤ አዲስ አበባ ቢሆን «ቀሪውስ?» ያሰኛል። ሰዉ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ሁለቴ ፉት ይልና ይወጣል። በሦስተኛው ቀን እኔም ቆሜ መጠጣት ለመድኩ፤ ይህንን ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።

አንድ ማታ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን የፖርታ ካፔና አደባባይ ፈልጌ ሄድኩ። ሐውልቱ በ1937 ተወስዶ እስከ 2003 እዚያ ኖሯል (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሲሮጥ በዚያው በሐውልቱ በኩል አልፎ ነው ቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ የጨረሰው። ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ በእግሬ ሄድኩት፤ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ብዬ ነበር፤ አፈርኩና ክሩን አስሬ ተነሳሁ። አይዞሽ የሚል ሰው አብሮኝ ቢኖር አወልቅ ነበር።

ስለ አልፕስ ብዙ አልላችሁም፤ ብሬነር የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ስናልፍ ተኝቻለሁ።

ጎታ ላይ ግን ላቆያችሁ። ጀርመን፣ ቱሪንገን በሚባለው ክልል ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከዚህ ከፍራንክፈርት በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ። ከመሃል ከተማ የተነሳ ትራም ሜዳና ደን እያቋረጠ ታባርትስ ድረስ ይወስዳል። ትራም በዛፎች መሃል ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዲት አሮጊት እንጉዳይ የሞላ ቅርጫት ታቅፈው አጠገቤ ተቀመጡ። አንዱን አንስተው ገለበጡና ከሥሩ ያለውን እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ነገር በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አሳዩኝ። ጀርመንኛቸው የገጠር ነው፤ ግማሹ አልገባኝም። ከጓደኛ ጋር ብሆን ኖሮ እኛው በእኛው ስናወራ እሳቸውን መች እናያቸው ነበር?

ጎታ የሄድኩት ለፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ነው። ኢትዮጵያዊው ካህን፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ከሮም እዚያ መጥተው ነበር። ያስጠራቸው ከሦስት ዓመት በፊት ሮም ያገኛቸው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነበር፤ ሌላ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ሉዶልፍ ከእሳቸው የተማረውን አማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አድርጎ በ1698 አሳተመ፤ የታተመውም እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። አባ ግን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀርተዋል።

ግቢው ውስጥ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«አሁንም ብቻሽን ነሽ?»

«አባ ጎርጎርዮስ የመጡበት ቤት ነኝ» አልኳት።

«አገራችን ሰው ናቸው?»

«አዎ፣ የመካነ ሥላሴ።»

«ተመስገን! በይ ሰላም በይልኝ።»

አመሰግናለሁ።