በመካከሉ ሦስት ዓመት ይጎድላል

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የአንዲት ሠዓሊን ሥራዎች 22 ዓመት ሙሉ ስለ መሰብሰቤ ላጫውታችሁ ነው። ስሟን አልጠራም። በሕይወት ያለች፣ ዛሬም ማለዳ ስቱዲዮዋ ገብታ የምትሠራ ሰው ናት፤ የምነግራችሁም ታሪክ ግማሹ የእርሷ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት አንዲት የእርሳስ ንድፍ ነበረች፤ ከመዳፌ እምብዛም አትበልጥም። ባዶ ወንበር ናት። መቀመጫው ላይ ያረፈው ጥላ ግን አንድ ሰው ገና አሁን ከዚያ የተነሣ ያስመስላል። ያን ጊዜ ሰብሳቢ የመሆን ሐሳብ ፈጽሞ አልነበረኝም፤ ወድጃት ገዛኋት፣ ቤቴ ሰቀልኋት፣ አለቀ። ከዓመት በኋላ የዚህችኑ ሠዓሊ ትልቅ ሥዕል ቆሜ ሳይ፣ ከጥግ በኩል በሦስት የብሩሽ ጭረት ብቻ የተሠራ ነገር ዓይኔን ያዘው። ወንበሩ ነበር። በማላውቀው አገር የማውቀውን ሰው ድንገት ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ሁለተኛውን የገዛሁት በዚያ ደስታ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚያ ቀጠለ።

«ለምን የአንድ ሰው ብቻ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ደግሞ ከብዙ ሠዓሊዎች አንድ አንድ ሥራ መያዝ፣ ከብዙ መጻሕፍት አንድ አንድ ገጽ ገንጥሎ የማኖር ያህል ይሰማኛል። ገጹ ሊያምር ይችላል፤ ሰውየው ወዴት እየሄደ እንደ ነበር ግን አይነግርም። ሠዓሊ አንድን ነገር ስንት ጊዜ ይዞ እንደሚጥለው፣ ጥሎም ከስንት ዓመት በኋላ እንደገና እንደሚያነሣው የሚታየው ሥራዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የማነሣቸው ባልና ሚስት አሉ፤ ሄርበርት እና ዶሮቲ ቮጀል ይባላሉ። እርሱ በኒው ዮርክ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ እርሷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ከተጋቡ በኋላ በእርሷ ደመወዝ እየኖሩ በእርሱ ደመወዝ ሥዕል ይገዙ ጀመር። መመዘኛቸው ዋጋው እንዲቻል፣ ሥራውም አንድ መኝታ ክፍል ካላት አፓርታማቸው እንዲገባ ነበር። ስቱዲዮ ድረስ ሄደው የሠዓሊውን ወረቀት ሁሉ አንድ በአንድ ያያሉ፤ ሌላው የማይፈልገውን ትንሽ ንድፍ፣ የሙከራውን ወረቀት ይገዛሉ። እንደ ሪቻርድ ታትል ያሉ ሠዓሊዎችንማ ለአሥርት ዓመታት ነው የተከታተሉት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስብስባቸው በዋሽንግተን ወደሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም መሄድ ጀመረ፤ ሁሉም ሲቆጠር ከ4,000 በላይ ሥራ ሆነ። በ2008 ደግሞ 50ው የአሜሪካ ግዛቶች እያንዳንዳቸው 50 ሥራ እንዲደርሳቸው ተደረገ። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሠዓሊው ገና ሲያመነታ የሠራውን መግዛታቸው ነው። ያንን ለማድረግ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ሰውየውን ማመን ይጠይቃል። እኔ በዚህ ወድቄአለሁ፤ ዛሬ ማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጥሁትም ለዚሁ ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልበል፤ እናንተም ቤታችሁ በውሃ ቀለም የተሠራ ሥዕል ካላችሁ ይጠቅማችኋል። በአምስተኛው ዓመት የገዛሁትን ሰማያዊ ሥዕል ከመስኮት ትይዩ ሰቅዬው ነበር። ክፈፉ ላልቶ ሥዕሉን ሳወጣው፣ ከመስታወቱ ሥር ዙሪያውን የሸፈነው ካርቶን ካረፈበት ቦታ ላይ አንድ ጣት የሚሰፋ ሰማያዊ ጠርዝ ብቅ አለ፤ እንደ ሌሊት ሰማይ የጠለቀ። ከእርሱ ወደ ውስጥ ያለው ሁሉ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ መስሏል። በየቀኑ ስላየሁት መደብዘዙን አላየሁም። ሙዚየሞች በወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥራዎች ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ዝቅ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። የጠፋው ቀለም አይመለስም።

በስምንተኛው ዓመት ሥራዋ ተለወጠ። ቀለም የሚባል ነገር ጠፋ፤ ሸራዎቹ ሁሉ ጥቁር፣ በጥቁር ላይ ጥቁር ሆኑ። ወንበሩም የለም። ኤግዚቢሽኑን ሁለት ጊዜ ዞርሁት፣ የጎብኚዎች መዝገብ ላይ መልካም ቃል ጻፍሁ፣ ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። በተከታዩም ዓመት እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ለራሴ «ስትመለስ እመለሳለሁ» እል ነበር። ይህች ቃል ዛሬ ታመኛለች። ስድስት ሰባት ዓመት የተከተልሁትን ሰው፣ መንገዱ ሲጨልም ብቻውን ተውሁት። መዝገብ ላይ የሚጻፍ መልካም ቃል የስቱዲዮ ኪራይ አይከፍልም፤ ሸራም አይገዛም።

በአራተኛው ዓመት አንድ ትልቅ ቢጫ ሥዕል ይዛ ብቅ አለች። በመክፈቻው ዕለት ገዛሁት፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ «ተመለሰች» ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሥዕሉ ስሰቅለው ከመጠኑ ይልቅ ከበደኝ። ቢጫው ለስላሳ ሆኖ ሳለ፣ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት ከሥዕሉ ጋር ምንም የማይገናኝ የብሩሽ ጉብታ ይታይበታል። የአሠራር ስልቷ መስሎኝ ወደድሁት።

ባለፈው ዓመት አንድ ሙዚየም የእስከ ዛሬ ሥራዎቿን በአንድነት ለማሳየት ስለ ተነሣ፣ እኔ ዘንድ ካሉት ልትመርጥ መጣች። 31ዱን ሁሉ በየዓመታቸው ቅደም ተከተል ወለሉ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ዘረጋኋቸው። ጫማዋን አውልቃ በመካከላቸው ቀስ እያለች ተራመደች። የወንበሯ ንድፍ ዘንድ ተንበርክካ ረጅም ጊዜ ቆየች። የደበዘዘውንም ሰማያዊ አየችው፤ ምንም አላለችም። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመችና «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነበር?» አለችኝ።

እውነቱን ነገርኋት። ሥራው አስፈርቶኝ እንደ ነበር፣ እስክትመለስ እየጠበቅኋት እንደ ነበር።

አልተቆጣችም። ከእነዚያ ዓመታት የቀሩት አራት ሸራዎች ብቻ እንደ ሆኑ ነገረችኝ። ማንም ሳይገዛቸው ስቱዲዮው ሞላ፣ አዲስ ሸራ መግዣ አጣች፤ ስለዚህ በሌሎቹ ላይ ሌላ ሥዕል ሣለችባቸው። ፎቶግራፍ እንኳ የላቸውም።

በዚህ ጊዜ ትዝ ያለችኝ አሜሪካዊቷ የሥዕል ሰብሳቢ ኤታ ኮን ናት። ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ከማቲስ ጋር በ1906 ተዋውቃ በ1949 እስክትሞት ድረስ ሥራዎቹን ከመሰብሰብ አላቋረጠችም፤ የእርሷና የእኅቷ የክላሪቤል ስብስብ ዛሬ ባልቲሞር ሙዚየም ነው። ማቲስ በ1935 የተጋደመች እርቃን ሴት ሲሥል፣ ሥራው በየደረጃው ሲለዋወጥ የሚያሳዩ 22 ፎቶግራፎችን ለኤታ ልኮላት ነበር። እየፋቀ፣ እንደገና እየጀመረ ያለፈባቸው ሁሉ በፎቶግራፎቹ ተርፈዋል። የሚላክለት ሰው ስለ ነበረው ይመስለኛል።

ሠዓሊዋ ቢጫው ሥዕል ዘንድ ጎንበስ አለች። ክፈፍ የለውም። ጎኑን ወደ እኔ መለሰችና ሸራው ከእንጨቱ ጋር ወደ ተቸነከረበት ጠርዝ በጥፍሯ ጠቆመች። ከቢጫው ሥር ጥቁር መስመር አለ፤ ስፋቱ ከጥፍር አይበልጥም፤ ብሩሽ የዘለላት አንዲት ስፍራ ላይ ብቻ ሰፋ ብሎ ይታያል። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳዬ ላይ ሲኖር ጎኑን አንድም ቀን አላየሁትም።

«አንዱ ይኸው» አለች። «አንተ ዘንድ ነው።»

ኤግዚቢሽኑ እስኪከፈት ሥዕሉ ከእኔ ጋር ይቆያል። በሩ አጠገብ ወዳለው ግድግዳ አዛውሬዋለሁ፤ ወደ ክፍሉ ስገባ አሁን መጀመሪያ የማየው ጎኑን ነው።