ይህን ወንፊት እዩልኝ፦ ያገለገለ ቱርቦ መኪና ለምትገዙ ወገኖቼ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ የቅዳሜ ምሽታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በእጄ የያዝኩት ነገር ከኋላ ለተቀመጣችሁ ላይታይ ይችላል። ከሻይ ማጥለያ ብዙም የማይበልጥ የብረት ወንፊት ነው። ቦታው ከሞተሩ ሥር፣ ዘይቱ ተጠራቅሞ በሚተኛበት መያዣ ውስጥ ነው፤ ፓምፑ የሚስበው ዘይት ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። ንጹሕ ሲሆን ብርሃን ያሳልፋል። ይህን ግን ወደ መብራቱ ባነሣው አንዲት ቀዳዳ እንኳ አይታይበትም። እንደ አሮጌ ምጣድ የጠቆረ ደረቅ ነገር ከዳር እስከ ዳር ደፍኖታል።

ወንፊቱ የወጣው ከአንዲት እኅታችን መኪና ነው። በአረጋውያን እንክብካቤ ትሠራለች፤ ሌሊት ከቤት ወደ ቤት የምትሄድበት መኪና አስፈለጋትና ሁለት ዓመት ባጠራቀመችው ገንዘብ ያገለገለች ቱርቦ መኪና ገዛች። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፣ ዛሬ በሰፊው ከምናገርላት መኪናም የተለየች ነበረች። ከመግዛቷ በፊት ወደ እኔ አምጥታት ነበር። ጎማውን አየሁ፣ ፍሬኑን አየሁ፣ ነድቼ ሞከርኳት፤ «ደኅና ናት» አልኳት። የዘይቱን ታሪክ ግን አልጠየቅሁም። በአምስተኛው ወር በአውራ ጎዳና ላይ ሳለች የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። የነበራት የግዴታው የትራፊክ መድን ብቻ ስለሆነ የመጎተቻውን ሂሳብ ፈራች፤ ቀጣዩ መውጫ እስኪደርስ ነዳች። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፣ ከዚያም ቆመ። ስከፍተው ኩሽኔታዎቹ ተልጠው፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ ተቦርቡሮ አገኘሁት። ሌላ ሞተር መግጠም ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ደኅና ናት» የሚለው ቃል ከአፌ በቀላሉ አይወጣም። አዘጋጆቹ ስለ ያገለገሉ መኪኖች ተናገር ሲሉኝ እሺ ያልኩትም በእርሷ ምክንያት ነው።

ብዙዎቻችሁ ስለ ስዊድኗ መኪና ስለ ሳብ 9-5 ስለምትጠይቁኝ በእርሷ ላይ አተኩራለሁ። የምትጠይቁኝም ያለ ምክንያት አይደለም። የተሠራችው ከዚህ ከጎተንበርግ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በትሮልሄታን ከተማ ነው። ሰፊ ናት፣ ወንበሯ ለረጅም መንገድ ይመቻል፣ በአደጋ ጊዜ ሰው ታተርፋለች፣ ዋጋዋም ለአዲስ ገቢ ሰው ኪስ የሚቀርብ ነው። በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ 9-5 በቤንዚን ሞተር ስትመጣ ሁልጊዜም ቱርቦ ነበራት፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን 9-5 አልተሠራም። ስለዚህ ገዢው ቢያውቅም ባያውቅም ቱርቦ መግዛቱ ነው።

ለአባቶች ደግሞ ሳብ የሚለው ስም እንግዳ አይደለም። ኩባንያው በ1937 ሲመሠረት ለአውሮፕላን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲያደራጁ፣ በቢሾፍቱ ሰማይ ላይ የበረሩት የማሠልጠኛዎቹ ሳፊሮችና ሳብ 17 ቦምብ ጣዮች የዚሁ ኩባንያ ሥራዎች ነበሩ። በአዳራሹ ውስጥ የእነዚያን አውሮፕላኖች ድምፅ በልጅነት ጆሮው የሰማ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዘይቱ ልመለስ። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ መዘውሮች ማለት ነው። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሁለተኛው አብሮ ሲዞር ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፤ ባለ 2.3 ሊትሩ ሞተር የትልልቆቹን ሞተሮች ጉልበት የሚያወጣው በዚህ ነው። ያ ዘንግ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። በዚህ ፍጥነት ብረት በብረት ላይ ሊዞር አይችልም። ዘንጉን ተሸክሞ የሚይዘው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ለአፍታ ቢቋረጥ የሚሆነውን መገመት ትችላላችሁ።

የቀደሙት 9-5ቶች ችግር እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ ከ2004 ሞዴል በፊት የተሠሩት። የጭሱን መርዝ የሚያነጥረው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከዘይቱ መያዣ አጠገብ ስለሚያልፍ መያዣውን ያግለዋል። መያዣው የሚይዘው ዘይት 4 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ለጠንካራ ቱርቦ ሞተር ይህ ትንሽ ነው። የሞተሩ መተንፈሻ፣ ማለትም በፒስተኑ ጎን አምልጦ ወደ ታች የሚወርደውን ጋዝ የሚያስወጣው የቱቦዎች መስመር፣ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች በደንብ የተሠራ አልነበረም። በዚህ ላይ የእኛን አነዳድ ጨምሩበት። በጥር ብርድ ከቤት እስከ ሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነድተን እናቆማለን፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንና ውኃ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በበጋ ደግሞ ያው ዘይት ከታች ይጠበሳል። እንዲህ ሲደጋገም ዘይቱ አተላ ይሆናል፤ አተላውም ደርቆ ይህን በእጄ ያለውን ይመስላል።

ጉዳዩ የመካኒኮች ወሬ ብቻ አልነበረም። ኩባንያው ራሱ በአሜሪካ በዚህ አተላ ለተጎዱ ሞተሮች ዋስትናውን እስከ 8 ዓመት አራዝሞ ነበር፤ ዘይቱን በወቅቱ ማስለወጡን በደረሰኝ ለሚያሳይ ባለቤት። መተንፈሻውም ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ የመጨረሻው ማሻሻያ ለቀደሙት መኪኖች በሚገጠም ዕቃ መልክ ቀርቧል።

ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ገዝቼ ዘይት እቀይራለሁ» ይለኛል። ብቻውን አይበቃም። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን አተላ ባለበት ጋን ላይ አዲስ ጥንስስ አይጨምሩም። ጋኑን በግራዋ ያጥባሉ፣ በወይራ ያጥናሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠነስሱት። በተደፈነ መያዣ ላይ አዲስ ዘይት መጨመር የባሰ ጣጣ የሚያመጣበት ጊዜም አለ፤ ጥሩ ዘይት የደረቀውን ቅርፊት ፍቆ ያነሣውና ወደ ወንፊቱ ይነዳዋል። ስለዚህ የቀደመች 9-5 ስትገዙ መያዣው መቼ ወርዶ እንደታጠበ ጠይቁ። ማስረጃ ከሌለ፣ በገዛችሁ ሳምንት ከማንኛውም ነገር በፊት ይህንን አሠሩ። መካኒኩ የጭስ መውጫውን ፊተኛ ክፍል ፈትቶ መያዣውን ያወርዳል፣ ወንፊቱን ያጥባል ወይም ይለውጣል፣ በአዲስ ማሸጊያ ይመልሰዋል፤ መተንፈሻውም አብሮ ይታደሳል። የግማሽ ቀን ያህል ሥራ ነው። የዚህን ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡ፤ ድምሩ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ መኪናዋ ከአቅማችሁ በላይ ናት።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ሰንተቲክ ዘይት፣ 0ደብሊው-40 ወይም 5ደብሊው-40፣ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየዓመቱ፣ ከሁለቱ በቀደመው፤ ፊልትሮውም አብሮ። በየሁለት ሳምንቱ ዘይቱን በመለኪያው እዩ። ርካሽ ዘይት በመግዛት የምታተርፉት ገንዘብ የለም።

እግረ መንገዴን ለአዲስ መጤዎች አንድ ነገር ልበል። ማስታወቂያ ላይ «18,000 ሚል» የሚል ስታዩ አትሳሳቱ። የስዊድን ሚል 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናዋ 180,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች ማለት ነው። በየመኪና ምርመራው የተመዘገበውን ርቀት በትራንስፖርትስቲሬልሰን፣ ማለትም በስዊድን የትራንስፖርት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ በሰሌዳ ቁጥሯ መመልከት ትችላላችሁ፤ ሻጩ ከነገራችሁ ጋር አስተያዩት። ምርመራውን ማለፏንም ከሞተር ጤና ጋር አታምታቱ። መርማሪው ፍሬኗን፣ ዝገቷን፣ መብራቷን፣ ጭሷን ያያል፤ የዘይት መያዣዋን አይከፍትም።

ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቃችሁ ለሻጩ ንገሩት። ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ በሞተሩ ውስጥ ያለው ካቴና ለአንድ አፍታ ቢያንኳኳ ምንም አይደለም፤ ድምፁ ከቀጠለ ግን ዘይት ወደ ላይ በጊዜ አልደረሰም ወይም ካቴናው ረዝሟል። የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ክፈቱና በስልካችሁ መብራት ወደ ውስጥ እዩ፤ ወርቃማ ቡናማ ብረት ካያችሁ ጥሩ ነው፣ ጥቁር ቅርፊት ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ሃያ ደቂቃ ነድታችሁ ሞተሩ በደንብ ሲግል፣ ቆማችሁ ሳለ የዘይቱ መብራት ብልጭ ካለ ዋጋ መደራደር አያስፈልግም። ቆሞ ከቆየ በኋላ ስትነሡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ደግሞ ቱርቦው ራሱ ዘይት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የ9-5 ታዋቂ ሕመም የማቀጣጠያው ካሴት ነው። በአራቱ ካንዴላዎች ላይ በአንድነት የሚቀመጥ፣ ጥቁር፣ ረዘም ያለ ሣጥን ነው። ይህን ዕቃ እወደዋለሁ፤ መሐንዲሶቹ በካንዴላ ሁለት ሥራ አሠርተዋል። ብልጭታው ቤንዚኑን ካቀጣጠለ በኋላ በዚያው ካንዴላ ጫፍ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይልኩና የተቃጠለው ጋዝ የሚያሳልፈውን መጠን ይለካሉ። ትራዮኒክ የተባለው የሞተሩ ኮምፒውተር በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ፒስተን ላይ ቃጠሎው በትክክል መካሄዱን ያውቃል፤ የሚያንኳኳ ካለ የቱርቦውን ግፊት ይቀንሳል። ለዚህ ነው የታዘዘውን ዓይነት ካንዴላ ብቻ ግጠሙ የምለው፤ በሌላ ካንዴላ የኮምፒውተሩ ንባብ ይዛባል። ካሴቱ ሲያረጅ መኪናዋ ዳገት ላይ ትንገጫገጫለች፣ አንዳንዴም ጨርሶ አትነሣም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኦሪጅናል ትርፍ ካሴትና ባለ ኮከብ ጫፍ ካቻቢቴ በሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ይኑራችሁ፤ አራት ብሎን ፈትቶ መለወጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ሞተሩ ሲግል በድንገት እየጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚነሣ ከሆነ የዋናውን ዘንግ አዟዟር የሚያነበውን ሴንሰር ጠርጥሩ። በዚህ ምክንያት የነዳጅ ፓምፕ፣ ባትሪና ካሴት በየተራ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። ጉልበት ስታጣ ደግሞ ቱርቦ ከመግዛታችሁ በፊት የተሰነጠቁትን ትንንሽ የጎማ ቱቦዎች ለውጡ፤ ዋጋቸው ከምሳ አይበልጥም።

የቀረውን በአጭሩ። ከ2002 እስከ 2005 የቀረበውን ባለ 3 ሊትር ዲዝል አትግዙ፤ የፒስተን ቤቶቹ ወደ ታች የመስመጥ ችግር አለባቸው። የዳሽቦርዱ ጽሑፍ መደብዘዙ መልክን እንጂ ሞተርን አይጎዳም። የሳብ መኪና ኩባንያ በታኅሣሥ 2011 መክሰሩ አያስፈራችሁ፤ ቀድሞ ኦሪዮ ይባል የነበረው የኒሼፒንግ ከተማ ድርጅት መለዋወጫ ማቅረቡን ቀጥሏል።

አነዳድ ላይ ሁለት ነገር። ክረምት ሲገባ የሞተር ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ ሰክታችሁ እደሩ፤ ሞተሩ እስኪሞቅም ቱርቦውን አታስጩኹት። ከአውራ ጎዳና በፍጥነት መጥታችሁ ስትቆሙ ደግሞ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ አንድ ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። በጋለ ቱርቦ ውስጥ ቆሞ የቀረ ዘይት እዚያው ይቃጠላል።

ያ ቀይ መብራት ከበራ ግን አንድ መቶ ሜትር እንኳ አትቀጥሉ። ዳር ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሦስት ማዕዘኑን አቁሙ፣ ለመጎተቻ ደውሉ። ከትራፊክ መድን ከፍ ያለው ግማሽ መድን አብዛኛውን ጊዜ መጎተቻን ይጨምራል፤ ልዩነቱን በዚህ ሳምንት መድን ሰጪያችሁን ጠይቁ። እኅታችን ያን ሌሊት ይህን የሚነግራት ሰው አልነበራትም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ወንፊቱን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አጠገቡ ንጹሕ ወንፊት አለ። ሻይ ስትጠጡ ሁለቱንም አንሥታችሁ ወደ መብራቱ እያነሣችሁ እዩአቸው፤ ልትገዙት ያሰባችሁት መኪና ካለም የሰሌዳ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፣ አብረን እናየዋለን። አመሰግናለሁ።