አልጋ ወራሹ ለምን አልጋ ይወርሳል?

(በአንድ የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር፣ ሜሪላንድ)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዘንድሮ ክፍል ውስጥ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ስለ ንጉሣውያን ቤተሰቦች እያነበብን ነበር። እንግሊዝኛው "ክራውን ፕሪንስ" የሚለውን አማርኛው "አልጋ ወራሽ" ይለዋል አልኳቸው። ወዲያው እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እነሱ ዘውድ ሲወርሱ እኛ ለምን አልጋ እንወርሳለን?" ክፍሉ በሙሉ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ሄደ። ዛሬ የምናገረው ለእሷ የምሰጠው መልስ ነው። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እያየኋት ነው።

እንግዲህ ከአልጋው ልጀምር። የእኛ ነገሥታት በድሮ ጊዜ ምንጣፍና ትራስ የተደላደለበት አልጋ ላይ ይቀመጡ ነበር። እዚያ ላይ ሆነው ይፈርዳሉ። እዚያ ላይ ሆነው እንግዳ ይቀበላሉ። የሕዝቡ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ አማርኛ ንግሥናን ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣለት መቀመጫው ነው። "አልጋው ጸና" ሲባል መኝታ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር የለም፤ መንግሥቱ ረጋ ማለት ነው። እንግሊዞች ደግሞ መንግሥትን ራሱን "ዘውዱ" ብለው ይጠሩታል። ወንጀለኛን በዘውዱ ስም ይከሳሉ። የመንግሥት የሆነ መሬት "የዘውዱ መሬት" ይባላል። እነሱ ሥልጣንን ከንጉሡ ራስ ላይ አዩት። እኛ ከተቀመጠበት አየነው።

ታዲያ ዘውድ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ምን ሥራ ይሠራል? ከየትኛው ግሥ ጋር እንደሚሄድ አስተውሉ። "ዘውድ ደፋ" እንላለን። "ዘውድ ጫነ" እንላለን። ልጆች፣ ጫነ የምንለው ሌላ ምንን ነው? አህያን እንጭናለን፤ በቅሎን እንጭናለን፤ መኪናን እንጭናለን። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ላይ አቡነ ቄርሎስ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑላቸው። ይህን አረፍተ ነገር ለብዙ ዓመት ስሰማው ኖሬ ጫኑ የሚለው ቃል ቆም ያደረገኝ ዘንድሮ ነው። አማርኛ ንጉሡን ሲያከብረው እንኳ ሸክም መሆኑን አልደበቀለትም። ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ።

ዘውድ እንግዲህ የሥልጣን ነው። አንድ ሌላ ቃል ግን አለን፤ እኔን የበለጠ የሚገርመኝ እሱ ነው። አክሊል።

ሁለቱን አንድ አድርገን የምናያቸው አለን። ቋንቋው ግን አያምታታቸውም። የክርስቶስን "የእሾህ አክሊል" እንላለን እንጂ "የእሾህ ዘውድ" የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሰማዕት የሚቀበለው አክሊል ነው። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ዲያቆኑ የሚደፋው አክሊል ነው። ሙሽሮች የሚደፉትም አክሊል ነው። ዘውድ ለአንድ ሰው ነው፤ አክሊል ለብዙዎቻችን ይደርሳል።

አሁን ሥሩን እንቆፍር። አክሊል የመጣው "ከለለ" ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው። ከለለ ማለት ዙሪያውን ከበበ፣ ጋረደ፣ ጠበቀ ማለት ነው። ከዚያው ቤት የወጡትን ቃላት ደርድሩልኝ ብላቸው እዚህ ያሉ ወላጆች ወዲያው ይደረድሩታል። ከለላ አለ። ዝናብ ሲመታን የምንጠጋው ነው፤ አደጋ የሸሸ ሰው የሚሰጠውም ነው። ክልል አለ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ በየቀኑ በዜና የምንሰማው ክልል፣ ሥሩ ከአክሊል ጋር አንድ ነው። ዙሪያው የታጠረ ማለት ነው። ይህንን መጀመሪያ ስረዳ ደነገጥኩ። ሰው የሚጣላበት ቃልና ሙሽራ የሚደፋው ነገር ከአንድ እናት ተወልደዋል።

ቤተሰቡ እኛ ዘንድ ብቻ አያበቃም። በሶርያ ቋንቋ ክሊላ ይሉታል። ዓረቦች ኢክሊል ይላሉ። ገልፍ የኖራችሁ እህቶቼ ታውቁት ይሆናል፣ እኛ የጥብስ ቅጠል የምንለውን እነሱ "የተራራ አክሊል" ይሉታል። የጥብስ ቅጠል! ዛሬ ማታ ጥብስ ስትሠሩ አስታውሱት።

እና ተክሊል አለ። ልጆች፣ ተክሊል ከተክል ጋር ዝምድና የለውም፤ ፊደሉ ነው የሚያሳስታችሁ። እሱም ከከለለ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደናግል ሲጋቡ የሚፈጸም ሥርዓት ነው። ካህኑ ይጸልያል፤ ለወንዱም ለሴቷም አክሊል ይደፋላቸዋል። የታላቅ እህቴ ሠርግ ላይ ገና ልጅ ነበርኩ። ከሌሊቱ ጀምሮ ቆመን እግሬ ዝሎ ነበር። አክሊሉ ራሷ ላይ ሲያርፍ ግን እንቅልፌ ጠፋ። እህቴ አልመሰለችኝም። እናቴን "ንግሥት ሆነች እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳት። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች "ዛሬስ ሆናለች" አለችኝ። ከቅዳሴ በኋላ አክሊሉ ተነሥቶ ወደ ዕቃ ቤት ተመለሰ። ከፍቶኝ ነበር፤ ቤት ይዘነው የምንሄድ መስሎኝ። ዛሬ ሳስበው ግን የዚያ ቀን አክሊል ሥራ ማስጌጥ ብቻ አልነበረም። ሁለት ሰዎችን በአንድ ዙሪያ መክለል ነበር። ቃሉ ራሱ እንደዚያ ይላል።

ግሪኮችም ተመሳሳይ ቃል አላቸው። እስጢፋኖስ። አዎ፣ የመጀመሪያው ሰማዕት ስም። ትርጉሙ አክሊል ነው። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን በታክሲ ስታልፉ ስሙን ትጠራላችሁ፤ አክሊል አላችሁ ማለት ነው። የግሪኮቹ ግን ከወርቅ አልተጀመረም። ከቅጠል ነው። ሯጩ ሲያሸንፍ ከወይራ የተጎነጎነ ቀለበት ራሱ ላይ ያደርጉለት ነበር። በ1996 ዓ.ም. ኦሎምፒክ አቴንስ ሲመለስ ይህንኑ አደረጉ። ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር አንደኛ ወጥተው ወርቁን አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁ ራሳቸው ላይ የወይራ ቅጠል ነበረ። ፎቶውን ቤት ሄዳችሁ ፈልጉት። እስጢፋኖስ የሚለው ቃል መልክ ያ ነው።

ሮማውያን ደግሞ ኮሮና አሉት። ስትሰሙት ፊታችሁ ተለወጠ፤ ገባኝ። ቃሉ ግን ንጹሕ ነው። እንግሊዝኛው ክራውን የመጣው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የቫይረስ አጥኚዎች ይህን የቫይረስ ዘር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ዙሪያውን እሾህ መሳይ ነገር ከቦት ነበርና አክሊል ይመስላል ብለው ስሙን ሰጡት። የስዊድን ክሮና፣ የዴንማርክ ክሮነ፣ የቼክ ኮሩና፣ ሁሉም ገንዘባቸውን ዘውድ ነው የሚሉት። መኪና ማቆሚያው ላይም ውጡና እዩ። ኮሮላ በላቲን ትንሿ አክሊል ማለት ነው። ካምሪ ደግሞ ዘውድ ከሚለው የጃፓን ቃል፣ ከካንሙሪ የመጣ ነው። ቶዮታ ከዚያ በፊት ክራውንና ኮሮና የሚባሉ ሞዴሎች ነበሩት። አባቶቻችሁ ስንት ሌሊት ዘውድ ሲነዱ አድረዋል!

አሁን ወደ አንድ ዓመት ልውሰዳችሁ። ወደ 2012 ዓ.ም.።

ትግራይ ውስጥ፣ ከመቀሌ ብዙም የማይርቅ ጨለቆት የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ራስ ወልደ ሥላሴ የተከሉት የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን አክሊል ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሮተርዳም የሚኖሩ ሲራክ አስፋው የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ፣ ቤታቸው ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አገኙት። ይህ የተሰረቀ ነው፣ ከዚህ ቤት አይወጣም አሉ። ከዚያ በኋላ 21 ዓመት ደብቀው ጠበቁት። ለማን ይስጡት? ቢመልሱት ተመልሶ እንዳይጠፋ ሰጉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በስደት የኖራችሁ ሁላችሁ ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ፤ የአገር ነገር በእጅ ይዞ የሚሰጡትን ማጣት። በመጨረሻ በየካቲት 2012 አክሊሉ አዲስ አበባ ገባ።

ቅድም አክሊል ማለት የሚከልል ነው ብያችሁ ነበር። ይኸኛው ግን ራሱ ከለላ አስፈለገው። ከለላውም አንድ ሰውና አንድ አፓርታማ ሆኑ። እኔ በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

አንድ ወር አልሞላም። መጋቢት 4 ቀን ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። አንዱ አክሊል በገባ በሳምንታት ውስጥ ሌላው ገባ። ሰኔ 14 ደግሞ ላሊበላ ላይ ፀሐይ በጨረቃ ተሸፍና ዳሯ ብቻ እንደ እሳት ቀለበት ታየ። ያንን አክሊል ያሉት ነበሩ። የፀሐይ አክሊል የሚባለው የሚታየው ግን ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ስትጋርዳት ነው፤ የላሊበላው ቀለበት ነበር። ይህን የምለው ቃል በቦታው ሲውል ደስ ስለሚለኝ ነው።

ያልተመለሰም አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ከዘረፉት መካከል አንድ የወርቅ አክሊል አለ። ከመቅደላ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ከነበረው ከጎንደር ዘመን፣ ከእቴጌ ምንትዋብና ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ስሙ ይነሣል። ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ከጎበኙ በኋላ እንግሊዞች ከመቅደላው ምርኮ አንድ ዘውድ መልሰው ነበር፤ በብር የተሠራ፣ በወርቅ የተለበጠውን። የወርቁን አስቀሩት። የተቀበሉት ማን ናቸው? ንግሥት ዘውዲቱ። ስማቸው ዘውዲቱ ማለት "ዘውዷ" ነው። ዘውድ ለዘውዲቱ መጣ። የወርቁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የሙዚየሙ ኃላፊ ለረጅም ጊዜ ልናውሳችሁ እንችላለን አሉ። ልጆች፣ ማዋስ የምንለው የራሳችንን ነው። ለዚህ ትክክለኛው ግሥ መመለስ ነው። ሁለቱን ቃላት ለይታችሁ ያዙ።

ስም ካነሣን አይቀር፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት አክሊሉ፣ ስንት ዘውዴ፣ ስንት ዘውዲቱ አለ? የእንዶድን ፍሬ በቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ላይ የሞከሩት ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ናቸው። ያለ ዘውድ የኖርን አገር ከሆንን ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈን፤ ልጅ ግን አሁንም አክሊሉ ይባላል። ዛሬ ማታ ለአያቶቻችሁ ደውሉና በዘመዶቻችሁ ውስጥ እነዚህ ስሞች ካሉ ማን እንዳወጣቸው ጠይቁ። ለመስከረም የመጀመሪያው የቤት ሥራችሁ ይኸው ነው።

ልጨርስ። ምሳው እየቀዘቀዘ ነው። ማን ቀድሞ ይነሣ የሚለውን ደግሞ በሳንቲም እንወስናለን ብለናል። እኛ ሰፈር ሳንቲም ሲወረወር "ዘውድ ወይስ ጎፈር?" ይባል ነበር። በምኒልክ ብር ላይ በአንድ ወገን ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ በሌላው አንበሳ አለ። ጎፈር ያ የአንበሳው ጸጉር ነው፤ አባቶቻችሁ በወጣትነታቸው ያሳደጉት ጎፈሬ ዘመዱ ነው። በእጄ የያዝኩት ግን የአሁኑ የአንድ ብር ሳንቲም ነው። አንበሳው አለ። በሌላው ወገን ዘውድ የለም፤ ሚዛን ነው ያለው። ቢሆንም የእህቴ ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ ሚዛኑን እያዩ "ዘውድ" ይላሉ።

የትንንሾቹ ክፍል ዘውድ ይሁን። የትልልቆቹ ጎፈር። ያቺ ጠያቂዬ ትምጣና ትወርውርልን።