ፓነላችሁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የሚሠራው

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ወደ ቻናላችን መጣችሁ። ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ ፓነል እናወራለን። ስለ ሽቦው አይደለም። ስለ ሙቀቱ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ብርድ ልብስ እስከ ጭንቅላታችሁ ተከናንባችሁ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ደስ ይላል። ከዚያ ይሞቃል። ከዚያ የገዛ ትንፋሻችሁ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ማንም እሳት አላነደደባችሁም እኮ! ሙቀቱ የራሳችሁ ነው። መውጫ ነው ያጣው።

ፓነልም ይኸው ነው። ውስጡ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው ድራይቭ አለ፣ ፓወር ሰፕላይ አለ፣ ሞተር የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንታክተር አለ። ሁሉም ይተነፍሳሉ። አንድ የ30 ኪሎዋት ድራይቭ በሙሉ ጭነት ሲሠራ 3 በመቶ ገደማው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 900 ዋት! የልብስ ካውያ ሰክታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋችሁበት እንደመሄድ ነው።

ወደ ብርድ ልብሳችን እንመለስ፣ ገና አልጨረስኩበትም። ሞቃችሁ። ምን ታደርጋላችሁ? ገፋችሁ ትጥሉታላችሁ። ጥሩ። ቢምቢዋ ግን እዚያው እየጠበቀቻችሁ ነው። የፓነል በር ከፍቶ የቆመ ፋን መደቀን ማለት ይህ ነው። ቢምቢዋ አቧራ ናት፣ የዘይት ጭጋግ ናት፣ አንዳንዴም አይጥ ናት። ስለዚህ አጎበር ትሰቅላላችሁ። አጎበሩ ፊልተር ነው። አየር ያልፋል፣ ቢምቢ አያልፍም። አጎበሩ ዓመት ሙሉ ሳይታጠብ ሲቀር ግን አየሩም አያልፍም።

ሦስተኛ መላ አለ። እግራችሁን ብቻ ከብርድ ልብሱ ታወጣላችሁ። ሙቀቱ በእግር በኩል ይወጣል፣ እናንተ እንደተከናነባችሁ ናችሁ። ሂት ኤክስቼንጀር ማለት እሱ ነው። የውስጡና የውጩ አየር ሳይገናኙ ሙቀት ብቻ ይቀባበላሉ። አዎ አውቃለሁ፣ ቢምቢ እግርም ትነክሳለች። ምሳሌው እዚህ ጋ ትንሽ ያነክሳል፣ ይቅርታ።

አሁን ልብ በሉ። ፋንም ሆነ እግር የሚሠራው ክፍሉ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ውጭው 42 ዲግሪ ከሆነና ውስጡን 35 ካላችሁ፣ ፋኑ ሙቀት ነው የሚያስገባላችሁ። ያኔ ኤሲ ግድ ነው።

ፋኑ ስንት አየር መንፋት እንዳለበት ቁጥሩን ቶሎ ልበለው። ፓነሉ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ 60፣ ጀርባው ግድግዳ ላይ። ሙቀት የሚያስወጣው ገጽ 5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቀለም የተቀባ ብረት በካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ 5.5 ዋት ያህል ያስወጣል። ውስጡ 40፣ ውጩ 30? 275 ዋት በግድግዳው ይወጣል። ከ900 ሲቀነስ 625 ቀረ። 625ን በ3.1 አባዙ (ለአየር የሚያገለግል ቋሚ ቁጥር ነው)፣ ለ10 ዲግሪው አካፍሉ። በሰዓት 194 ሜትር ኩብ አየር። አለቀ። ቦታችሁ ከፍታ ላይ ከሆነ አየሩ ስስ ነውና ጨመር አድርጉ። ፋኑ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቁጥርም እንዳለ አትመኑት፣ ብዙ ጊዜ ያለ ፊልተር የተለካ ነው።

ያለፈው ቪዲዮ ላይ ግን አንድ ኮሜንት ደጋግሞ መጥቷል። «ኤሲውን 18 ላይ ብናደርገውስ? ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲቀንስለት ዕድሜው እጥፍ ይሆናል ብለኸን የለ?» ብያለሁ። ካፓሲተር ማለት ድራይቩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ ነው፣ እውነትም ነው። ግን 18 አታድርጉት!

አንድ ጊዜ ብሬከሩ ጠዋት ጠዋት እየወደቀ ያስቸገረ ፓነል ዘንድ ተጠራሁ። በሩን ከፈትኩ። ብርድ! ፍሪጅ የከፈትኩ ነው የመሰለኝ። ከኤሲው አፍ ትይዩ ያሉት ቴርሚናሎች፣ ሽቦ የሚታሰርባቸው ማለት ነው፣ እነሱ ላይ የውኃ ጠብታ ተደርድሯል። አንዷ ጠብታ የሽቦ ቁጥሩ ላይ ወርዳ ቀለሙን አፍስሳዋለች። 11 ይሁን 17 አይለይም። ቴርሞስታቱን አየሁት፣ 18። ሠራተኞቹ ደግሞ በየፈረቃው መጀመሪያ ሜትር ለማንበብ በሩን ይከፍቱታል።

ቀዝቃዛ ጠርሙስ ከፍሪጅ ስታወጡ ያልበዋል አይደል? ላቡ የጠርሙሱ አይደለም፣ የአየሩ ነው። 35 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 26 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ውኃ መሆን ይጀምራል። 18 የሆነ መዳብ ላይ ያ አየር ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ኤሲውን 35 ላይ አስተካክለው የሚልኩት። ስስታም ሆነው አይደለም! 35 ለድራይቭ ምቹ ነው፣ አብዛኛው እስከ 40 ድረስ ጭነት ሳይቀነስለት ይሠራል። በሩ ላይም ስዊች ግጠሙ፣ ሲከፈት ኤሲው ይቁም። «ለማንኛውም» ተብሎ የሚገዛ ትልቅ ኤሲም አይመቸኝም። ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፣ እርጥበቱን ሳያወጣ። ላይክ ሳታደርጉ የምትከራከሩኝ ሰዎች፣ መጀመሪያ ላይክ፣ ከዚያ ክርክር።

ባለ ፋን ፓነል ያላችሁ ደግሞ ስስ ወረቀት ያዙ። ፋኑ ከታች እየነፋ፣ ከላይ ያለው መውጫ ፊልተር አጠገብ ወረቀቱን አንጠልጥሉት። ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ምንም ሳትገዙ አጎበሩን ቀይሩ።