ጎን ለጎን ስንሆን

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ!

ውድድሩ ሳይጀመር ይህችን ደቂቃ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ በኮምፒውተር የመኪና ውድድራችን ላይ፣ ከኋላ የሚመጣው እንዳያልፍ መንገድ ስለ መዝጋት።

ባለፈው በጌሙ ዴይቶና በተባለው የአሜሪካ መወዳደሪያ ላይ ስንወዳደር የመጨረሻውን ዙር እየመራሁ ነበር። በስፖኪዮ አንድ ቢጫ መኪና ከውስጥ በኩል ሲመጣ አየሁ። ልዘጋው ወረድኩበት። ቦታው ክፍት መስሎኝ ነበር። ስምንት መኪና ተላተመ። ቢጫዋን የሚነዳው ልጅ ያለው አዲስ አበባ ነው። በማዳመጫው በቀስታ፣ «አጠገብህ ነበርኩ እኮ ወንድሜ» አለኝ። አልተሳደበም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነቱን ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 83 ሜትር ይምዘገዘጋል። ኔትወርኩ በ0.2 ሰከንድ ቢዘገይ 16 ሜትር አለፈ ማለት ነው፤ ሦስት መኪና በተርታ። ጌሙ ያንን ክፍተት በግምት ይሞላዋል። ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ ግምቱ ይሠራል። ድንገት ስትታጠፉ ይሳሳታል። እኔ ጋ ክፍት የሆነው ቦታ እሱ ጋ ተይዟል።

ስለዚህ መስመር መከላከል የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ይያዝ፣ እሱንም አንዴ ብቻ። የኋለኛው አፍንጫውን ጎማችሁ አጠገብ ካደረሰ በኋላ ቦታው የጋራ ነው። የሚቀድመውም ቢሆን ኩርባ ላይ ከኋላ አይግፋ። አንድ ዙር የተቀደመ ደግሞ መስመሩን ይዞ ይሂድ፤ ላሳልፍ ብሎ አይወዛወዝ።

በእውነተኛው ውድድር ዋጋው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዴይቶና ላይ አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ራያን ኒውማን በመጨረሻው ዙር ሲመራ፣ ከኋላው የመጣውን ለመዝጋት ሞክሮ ተመታ፤ መኪናው ተገለበጠ። ሕይወቱ ተርፏል። እኛ ጋ ሰው አይጎዳም፤ ግን የአንድ ሰው የማታ ድካም ገደል ይገባል። የምንወዳደርበት ጌም፣ አይሬሲንግ፣ ለከባድ ግጭት ሁለቱም ላይ 4 የጥፋት ነጥብ ይመዘግባል። ማን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ ያለብን እኛው ነን።

ባሕር ዳር ሳይክል ሳይነዳ ያደገ ማን አለ? ዘንባባው ሥር ጎን ለጎን እየሄድን አንዳችን ድንገት ብንታጠፍ ሁለታችንም አስፋልቱ ላይ ነን። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ጉልበታችን ተልጦ ነው የገባን።

ያ ልጅ ዛሬም አለ፤ ከፊቴ ነው የሚነሳው። አጠገቡ ስደርስ «ውስጥ ነኝ» እለዋለሁ። በሉ፣ መሪያችሁን ያዙ።