ከጣሪያው በፊት አፈሩ፦ አሮጌ የኢንዱስትሪ ሰፈርን ዘላቂ የንግድ ፓርክ ስለማድረግ

የተከበራችሁ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣ መሐንዲሶችና ባለሀብቶች፤ በተለይም ዕድሜያችሁን በፋብሪካ ሥራ ያሳለፋችሁ ወገኖች፤ ሐሳቤን እንዳካፍል ስለተሰጠኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ።

የተዘጋ የፋብሪካ ግቢ መልሶ ይልማ ሲባል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚቀርብልን ሥዕል ነው። መስታወት የለበሰ ሕንፃ፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ በሩ ላይ የብስክሌት ማቆሚያ፣ መካከሉ ላይ ለምለም መናፈሻ። ሥዕሉን አልጠላውም። ነገር ግን ግቢው በእርግጥ ዘላቂ የንግድ ፓርክ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው በሥዕሉ ላይ በማይታየው ነገር ነው፤ በአፈሩ፣ በአሮጌው ግድግዳ፣ ነገ ጎረቤት በሚሆኑት ድርጅቶች መካከል በሚዘረጋው ቧንቧ። ከሁሉም አፈሩ ይቀድማል።

የአፈር መርማሪዎች በእንዲህ ዓይነት ግቢ ቆፍረው የሚያወጡትን ናሙና ቀርባችሁ ተመልከቱት። ረጅሙ የናሙና ቱቦ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም የግቢው ታሪክ በቅደም ተከተል ይታያል። ከላይ ኮንክሪት፤ ከሥሩ የጡብ ስባሪ፣ አመድና ከማቅለጫ ምድጃ የተጣለ ዝቃጭ፤ ቀጥሎ ሲነኩት የሚያጣብቅ፣ ነዳጅ ነዳጅ የሚሸት ጥቁር ጭቃ። የተፈጥሮው አፈር የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በታች ነው። ላቦራቶሪው ደግሞ ዓይን የማያየውን ይጨምርበታል፤ እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም።

ብክለት ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። ነዳጅና ዘይት ከውሃ ስለሚቀሉ የከርሰ ምድር ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። የብረት ቅባት ለማጠብ ያገለገሉ እንደ ትራይክሎሮኤትሊን ያሉ ኬሚካሎች ግን ከውሃ ስለሚከብዱ ወደ ታች ይሰርጋሉ፤ እዚያ ተኝተው ውሃውን ለአሥርተ ዓመታት ይበክላሉ፤ ትነታቸውም በአፈሩ ቀዳዳ ወደ ላይ እየሾለከ በወለል ስንጥቅ ሕንፃ ውስጥ ይገባል። ከባድ ብረቶች በበኩላቸው አይበሰብሱም። ባክቴሪያ ዘይትን ሊያብላላ ይችላል፤ እርሳስን ግን ሊያጠፋው አይችልም፤ ወይ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ወይ ባለበት ታሽጎ ይያዛል። ስለዚህ በማስተር ፕላን ውስጥ “መሬቱ ይጸዳል” የሚል አንድ መስመር ማስፈር ምንም ማለት አይደለም። የሚጸዳው ምኑ ነው? እስከ ስንት ሜትር? ለምን አገልግሎት እስኪበቃ? የሕፃናት ማቆያ የሚሠራበት ጥግና መኪና የሚቆምበት ጥግ አንድ ዓይነት ጽዳት አይፈልጉም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የድሮ የግቢ ፕላኖች ብዙ ጊዜ ጠፍተዋል፣ ካሉም ሁሉን አያሳዩም። የነዳጅ ማጠራቀሚያው የተቀበረበትን ቦታ፣ የአሲድ መድፊያ የነበረውን ጉድጓድ፣ የትራንስፎርመር ዘይት የፈሰሰበትን ጥግ የሚያውቀው የጥገና ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ከመጀመሪያው ቁፋሮ በፊት እሱን ጠይቁት። ዕውቀቱ ዋጋ አለውና ክፈሉትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው፣ ሱፐርፈንድ በመባል የሚታወቀው ሕግ የበከለ ይክፈል የሚል ትክክለኛ መርህ ይዞ ተነሣ። ሆኖም ኃላፊነቱ የመሬቱን አዲስ ባለቤት ጭምር የሚያስጠይቅ ስለነበር ገዢዎች ከእንዲህ ዓይነት ቦታዎች ሸሹ፤ ብዙ ግቢዎችም አጥራቸው እንደ ታጠረ ቀሩ። በ2002 ሌላ ሕግ ወጥቶ፣ ብክለቱን ያላደረሰና ከመግዛቱ በፊት ተገቢውን ምርመራ ያካሄደ ገዢ ከለላ አገኘ። እኔ ከዚህ የምረዳው የዕዳው ወሰን ካልታወቀ ቅን ባለሀብት እንኳ እንደማይደፍር ነው። ገንዘቡ ያልታረሰና ያልተነካ መሬት ፍለጋ ከከተማ ይወጣል፤ የተበከለው ግቢ ከነመርዙ መሃል ከተማ ይቀራል።

ጊዜን በተመለከተ ከሩር የበለጠ አስተማሪ አላውቅም። በዚህ የጀርመን የከሰልና የብረት አካባቢ የሚፈሰው ኤምሸር ወንዝ ከመቶ ዓመት በላይ ክፍት የፍሳሽ ቦይ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም፤ በማዕድን ቁፋሮው የተነሣ መሬቱ ይሰምጥ ስለነበር ከሥር የሚቀበር ቱቦ ይሰበር ነበር። ማዕድኑ እየተዘጋ መሬቱ ሲረጋ በ1990ዎቹ ሥራው ተጀመረ፤ ወንዙ ከፍሳሽ ነፃ የሆነው በ2021 መጨረሻ ነው። ሠላሳ ዓመት ግድም ማለት ነው! በዱይስቡርግ በ1985 የተዘጋው የብረት ማቅለጫ አልፈረሰም፤ ምድጃዎቹ እንደ ቆሙ መናፈሻ ሆነ፤ የጋዝ ማጠራቀሚያው ውሃ ተሞልቶ ዛሬ ሰዎች የጠለቃ ዋና ይለማመዱበታል። በኤሰን በ1986 የተዘጋው የፆልፌራይን የከሰል ማዕድንም በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አሮጌ ሕንፃ እንዲጠበቅ የምወተውተው ለትዝታ ብዬ ብቻ አይደለም። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ድርሻ አለው። ጠንካራ አጽም ያለውን አዳራሽ አፍርሶ በምትኩ አዲስ ኮንክሪት ማፍሰስ፣ ጣሪያው ላይ የቱንም ያህል የፀሐይ ፓነል ቢደረደር፣ ሒሳቡ በቀላሉ አይካካስም። የመጋዝ ጥርስ የመሰለው የፋብሪካ ጣሪያም ቢሆን መብራት ሳይበራ ለሠራተኛው እኩል የቀን ብርሃን እንዲያገባ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዛሬም ያንኑ ያደርጋል። እርግጥ ሁሉም ሕንፃ አይተርፍም። አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ የድሮ የግንባታ ዕቃ) ያለበት ደግሞ በሠለጠነ ሰው፣ በጥንቃቄ ሳይነሣ አንድም መዶሻ እንዳይነካው።

ስለ ቧንቧው ላንሣ። በዴንማርክ ካሉንድቦርግ ከተማ የነዳጅ ማጣሪያው ትርፍ ጋዝ ከ1972 ጀምሮ ለጂፕሰም ቦርድ ፋብሪካ ማገዶ ሆነ። ከዚያም የኃይል ማመንጫው እንፋሎት ለማጣሪያውና ለመድኃኒት አምራቹ ሄደ፤ ከጭሱ ድኝ ሲጣራ የሚገኘው ጂፕሰም ደግሞ ለቦርዱ ጥሬ ዕቃ ሆነ። ይህን ትስስር የነደፈ ማዕከላዊ ዕቅድ አልነበረም። የሚተዋወቁ ሥራ አስኪያጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ በተዋዋሉት ውል የተገነባ ነው። ስለዚህ የንግድ ፓርክ አስተዳዳሪ ቦታ ሲያከራይ የኪራዩን መጠን ብቻ አይመልከት። ሙቀት የሚተርፈው ማን ነው? ሙቀት የሚገዛውስ? የመንገዱ ሥር ሳይዘጋ በፊት ለቧንቧ የሚሆን መተላለፊያ ይተው፤ ተከራዮቹም የሚገናኙበት ቋሚ መድረክ ይኑራቸው።

ከዚህ ጉባኤ የምጠይቀው ግልጽ ነው። አንድም ግቢ የአፈር ምርመራው ሙሉ ውጤት ለሕዝብ ይፋ ሳይሆን ለጨረታ አይቅረብ። የጽዳቱ ወጪና ከፋዩ በሽያጭ ውሉ ውስጥ ተለይተው ይጻፉ። ፓርኩ ተመርቆ እንግዶች ከተበተኑ በኋላም የከርሰ ምድር ውሃ መከታተያ ጉድጓዶቹን በየዓመቱ የሚለካው አካል፣ በጀቱ ጭምር፣ ከወዲሁ ይወሰን። በውሳኔ ረቂቁ ላይ እነዚህ እንዲካተቱ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ በከሰዓቱ ውይይት እንድትደግፉኝ እለምናለሁ።

አመሰግናለሁ።